አባባን ይስደቡልኝ

ጥቅምት 8 ቀን

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጆሮዬ ብቻ ከዓመት ወደ ዓመት ሥራ እየቀነሰች ነው። ጤናና ሰላም አይለዩሽ። እጅሽ ይባረክ፤ የምትሰፊው መጋረጃ ሁሉ ደስታ የሞላበት ቤት መስኮት ላይ ይሰቀል።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አባትሽ ሊገድለኝ ነው። እህቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህን ሰው ልታገባ ስትል «ዝምተኛ ነው» ብላኝ ነበር። እኔም ሞኙ አምኜ መረቅኩ። ለካ ዝምታውን ሲያጠራቅም ኖሮ ነው! ከመምህርነቱ ጡረታ ሲወጣ ጠብቆ ሁሉንም በእኔ መሥሪያ ቤት ላይ አራገፈው። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የውሰት ጠረጴዛው ላይ የምቀመጠው እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ መጽሐፍ የሚወስድም የሚመልስም በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። ዘንድሮ አስተዳደሩ ቤቱንም አገልግሎቱንም አሻሽላለሁ ብሎ በሩ አጠገብ የአስተያየት ሳጥን አቆመ። ተማሪዎቹ የማስቲካ ልጣጭ ከተቱበት። አባትሽ ግን በየቀኑ አንድ ወረቀት፣ ሲብስበት ሁለት! ሳጥኑን ከፍቼ ለኮሚቴው የምተይበው ደግሞ እኔው ነኝ።

ምን ምን እንደሚል ልንገርሽ። ወንበሮቹ ሲጎተቱ ስለሚያቃስቱ የሚያነብ ሰው አጠገቡ በሽተኛ የተኛ ይመስለዋል። ሽንት ቤቱ ምድር ላይ፣ የንባብ አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሆነው ማን ከማን ተጣልቶ ነው? ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በምዕራቡ መስኮት ገብታ ዓይን ታወጣለች፤ መጋረጃ የለም ወይ? ባልደረቦቼ «አቶ አቤቱታ» የሚል ስም አወጡለት። ኃላፊያችን ሳትቀር ጠዋት ጠዋት «አቶ አቤቱታ ዛሬ ምን አሉ?» ትለኛለች። ያፍር እንደሆነ ብዬ ስሙን ነገርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያው ስም ይፈርማል።

ትናንት ደረጃውን ሲወጣ አየሁት። ትንሽ ይወጣል፣ ግድግዳውን ተደግፎ ይስላል፣ ደግሞ ይወጣል። ሳሉ ከእሱ ቀድሞ አዳራሹ ይደርሳል። «ሰውዬ፣ ታች ተቀመጥ፤ መጽሐፉን እኔ ላውርድልህ» ብለው «ታች የሚቀመጠው የእግር መጥረጊያ ነው» አለኝ። ጭቅጭቃም! እግሬን አቀጠነው፣ ልቤን አወለቀው። በይ፣ ከታች ቦታ ትቼለታለሁ፤ እሱ ደግሞ የሚለውን ይበል።

አጎትሽ

ከአባትሽ፦ ልጄ፣ አጎትሽ እንደ ልማዱ አጋኗል። ሳሌ አይቀድመኝም፤ እኩል ነው የምንደርሰው። በስልክ የተባለ ነገር አየር ላይ ይቀራልና ጻፊልኝ።


ኅዳር 2 ቀን

ለምወድዎ አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ከእርስዎና ከአባባ ናፍቆት በስተቀር የጎደለብኝ የለም። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ጆሮዎንም ይመልስልዎ፤ ባይመልስልዎም አባባን ላለመስማት ይጠቅምዎታል።

ደብዳቤውን ስፌት ቤት በምሳ ሰዓት አነበብኩት። እዚህ የልብስ ስፌት መኪናዎቹ በሰልፍ ስለተደረደሩ ሁላችንም የምናየው የፊተኛይቱን ጀርባ ነው። ብቻዬን ስስቅ ከፊቴ ያለችው ሴት ዞር አለች፤ ፊቷን ያየሁት ያን ቀን ነው። ማታ ክፍሌ ገብቼ ደግሜ ሳነበው ግን ደረጃው ላይ ስደርስ ማለፍ አቃተኝ። አጎቴ፣ ያ ሳል ከመቼ ጀምሮ ነው? ሐኪም አይቶታል?

የእኔን ነገር ያውቁታል። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አልወጣም። ሳይወጣ ከዚህ ከሄድኩ ተመልሼ መግባት አልችልም፤ የለፋሁበት ሁሉ ውሃ ይበላዋል። እስከ ሰኔ ይደርሳል ብለውኛል። እንደደረሰ በማግሥቱ ነው የምነሳው። አባባን «በሰኔ ትመጣለች፣ ጠብቃት» ይበሉልኝ። እስከዚያ ድረስ ያን የምዕራቡን መስኮት ልክ ይላኩልኝ። የሰው ቤት መስኮት ስሸፍን እየዋልኩ አባቴን ፀሐይ አይመታውም።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 5 ቀን

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ፈጣሪ ወረቀትሽን ያፍጥንልሽ፤ የቢሮዎቹን ሰዎች ልብ ያራራልሽ።

ጉድ ልንገርሽ። ኮሚቴው የአባትሽን ወረቀቶች ተቀበላቸው! የንባብ አዳራሹ ወደ ምድር ሊወርድ ነው። የድሮው የመጻሕፍት መጋዘን ግድግዳ ፈርሶ ሰፊ አዳራሽ ይሆናል። መግቢያው ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣ ደረጃ አልባ መወጣጫ ይሠራል፤ በየጠረጴዛው የራሱ መብራት ይገባል፤ የወንበሮቹ እግር ጎማ ይለብሳል። ተማሪዎቹ ለቡድን ጥናት በመስታወት የተከለለ ክፍል ጠይቀው እሱም ተፈቀደ። ባለፈው ሳምንት ቤቱ ለእድሳት ተዘጋ፤ የምንሠራው እኛ ሠራተኞቹ ብቻ ነን፣ አቧራ እየበላን።

አባትሽም መዋያ አጣ። አሁን እኔ ቤት ነው የሚውለው። የሳሎኔን ወንበር ቁመት ተችቶ፣ የአምፖሌን ቦታ ተችቶ፣ ትናንት ደግሞ የራሴን አቀማመጥ ተቸ። ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ፣ ፎቶ አስነሳው፣ መድኃኒትና ዕረፍት አዘዘ። አባትሽ በምላሹ ስለ መጠባበቂያ ክፍሉ መቀመጫዎች ረጅም አስተያየት ሰጠው። አንገቴን የምደፋበት አጣሁ።

መስኮቱን በተመለከተ፣ አዲሱም አዳራሽ የምዕራብ መስኮት አለው፤ አባትሽ ግንበኞቹ መሀል ገብቶ «እኔ እዚህ ነው የምቀመጠው» ብሎ አጠገቡ ቦታ መርጧል። መስኮቱን የለካው በምን መሰለሽ? በጃንጥላው! ግንበኞቹ ሥራ አቁመው አዩት። እኔ እሱ ዞር ሲል በሜትር ለክቼ ልኩን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሻለሁ። የእኔን ተከተዪ። ጤና ይስጥሽ።

አጎትሽ

ከአባትሽ፦ ልጄ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ልክ ሰርዤዋለሁ። የአጎትሽ ሜትር ከዕድሜ ብዛት ተለጥጧል። ቁመቱ አንድ ጃንጥላ ተኩል፣ ወርዱ አንድ ጃንጥላ ነው። ጨርቁ ግራጫ ይሁን፤ አበባ አልፈልግም፣ የማነበው ሙሽራ ክፍል ውስጥ አይደለም። ወረቀትሽ እጅሽ ሳይገባ ንቅንቅ እንዳትዪ። አዳራሹን አብረን እናየዋለን።


ጥር 3 ቀን

ለምወድዎ አጎቴ፣

እንደምን ከረሙ? ፈጣሪ ያበርታዎ፤ አባባን የሚችሉበትን ትከሻ አይንሳዎ።

የሜትሩን ልክ አጥብቆ ስለሰረዘው ምኑንም ማንበብ አልቻልኩም። ጃንጥላውን ግን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ በየዓመቱ በር ላይ አቁሞ በእሱ ይለካኝ አልነበር? ሰባተኛ ክፍል ስገባ እጀታው ትከሻዬ ላይ ነበር። ዛሬ ስፌት ቤት መስታወቱ ፊት ቆሜ ያኔ የት ድረስ እንደነበርኩ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ከዚያ ቆረጥኩት። ግራጫ ነው፣ ወፍራም፣ አበባ የለውም። ጠርዙን በእጄ ነው የጠቀምኩት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የአባባ ጽሑፍ በመጨረሻው ደብዳቤ ላይ ወደ ታች ወርዷል። መስመር የሳተ ተማሪ ደብተር የሚቀድ ሰው እኮ ነበር። ስልኩም ብደውል አይነሳም። ለእርስዎም እንዳልደውል ጆሮዎ አይሰማም። መድኃኒቱ ሠራለት? ፎቶው ላይ ምን ታየ? እንደ ልጅ አይዩኝ፤ እውነቱን ይንገሩኝ። መልስዎን በቶሎ እጠብቃለሁ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 16 ቀን

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ቸሩ ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ፣ በባዕድ አገር ያለ ዘመድ አያስቀርሽ፣ ክፉ አያሳይሽ፣ ብርታቱን ይስጥሽ። መልሴ በመዘግየቱ በጣም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አዳራሹ ተከፈተ። ብታዪው ደስ ይልሻል። ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል፤ በየጠረጴዛው ላይ አጎንብሳ የምትበራ ትንሽ መብራት አለች፤ ወንበሮቹ ጎማ ለብሰው ሲጎተቱ ድምፅ የላቸውም። ከሽንት ቤቱ አጠገብ የሚጠጣ ውኃ ተቀምጧል። መጽሐፍ ለማሳደስ መሰለፍ ቀርቶ ተማሪው ካለበት ሆኖ በስልኩ ያሳድሳል። የእኔም የውሰት ጠረጴዛ ወደ አዳራሹ ገብቶ ከምዕራቡ መስኮት ፊት ለፊት ሆኗል። መጋረጃሽ በሰላም ደርሶ ሰቅዬዋለሁ፤ ልክክ ብሏል። እጅሽን ይባርከው።

አባትሽ ደህና ናቸው። ዕረፍት ስለታዘዘላቸው ብዙ ይተኛሉ። ስልካቸው ውኃ ውስጥ ወድቆ ተበላሽቷል። እጃቸውም ስለደከመ ለአሁኑ ከታች መጻፍ አልቻሉም፤ «ሰላም በላት» ብለዋል። በእውነቱ አስተዋይ ሰው ናቸው። አዳራሹ ሲከፈት ኃላፊዋ ንግግር አድርጋ ይህ ሁሉ የተጀመረው በእሳቸው ወረቀቶች መሆኑን ስትናገር ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ብዙ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ የሰውን ድካም የሚያስቡ ደግ ሰው መሆናቸውን ሳልነግርሽ ቆይቻለሁ። አንቺም በእንዲህ ያሉ አባት ልትኮሪ ይገባል።

ስለ ወረቀትሽ ጻፊልኝ። ወጣልሽ?

አክባሪ አጎትሽ


መጋቢት 30 ቀን

አጎቴ፣

ሰላምታዬን ይቅር ይበሉኝ፤ ዛሬ አልመጣልኝም።

የመጣልኝ ደብዳቤ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የእርስዎ ነው። የጻፈውን ሰው ግን አላውቀውም። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ አባባን «ይሄ ሰውዬ» እንጂ «እሳቸው» ብለውት አያውቁም። እናቴ በሕይወት ሳለች «ወንድሜ፣ በሰው ፊት እንኳ አንቱ በለው» ስትልዎ «እሱን አንቱ ከምል ጠረጴዛውን አንቱ እላለሁ» ያሏትን እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታዲያ አባባ ምን ሆኖ ነው አንቱ የተባለው?

ደግሞ ደግ ነው፣ አስተዋይ ነው፣ ኩሪበት ይሉኛል። ከመቼ ወዲህ? ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት። ከታች እንደ ልማድዎ ቦታ ትተውለታል፤ ማንም አልጻፈበትም።

አጎቴ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። የሐኪም ወረቀት አይላኩልኝ፣ ፎቶ አይላኩልኝ። አባባን ይስደቡልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል። «ይሄ ጭቅጭቃም አባትሽ ዛሬ እንዲህ አደረገኝ» ብለው ይጻፉልኝና ተኝቼ ልደር።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 12 ቀን

ልጄ፣

ሞከርኩ። ሥራ ቦታ ተቀምጬ ሞከርኩ፣ ቤት ገብቼም ሞከርኩ። «ይሄ ጭቅጭቃም አባትሽ ዛሬ» ብዬ እጀምራለሁ። «ዛሬ» የምትለዋ ላይ ስደርስ የምቀጥለው አጣለሁ። ሰው ለመሳደብ ዛሬ የሚባል ቀን ያስፈልገዋል ለካ።

አባትሽ ጥር 24 ቀን ጠዋት አረፈ። እኔ ቤት፣ ያ ቁመቱን የተቸው ወንበር ላይ ነው። መተኛት እንቢ ብሎ ነበር፤ ሲተኛ አየር ያጥረዋል። ሳንባው እንደማይመለስ ሐኪሙ በታኅሣሥ ነግሮን ነበር። እኔ ልጽፍልሽ ብዬ ብዕር ሳነሳ ቀማኝ። «ወረቀቷ ሳይወጣ ትንፍሽ እንዳትል» አለኝ። «ተነስታ ብትመጣ እኔን አታድነኝም፤ የለፋችበትን ግን ታጣለች። የኔ ልጅ ናት፣ ትመጣለች፤ አውቃታለሁ።» እኔም አንቺን አውቅሻለሁና ዝም አልኩ። ከእሱ ጋር ሳልከራከር የተስማማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ምነው ያን ቀን በተከራከርኩት!

የመጨረሻው ቀን ጠዋት «መብራቶቹ ገቡ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ገቡ፣ ወንበሮቹ ናቸው የቀሩት» አልኩት። «ጎማውን በሙጫ እንዳያጣብቁት፣ ይላቀቃል፤ ንገራቸው» አለኝ። ሻይ ላፈላ ገባሁ። ስመለስ አልነበረም።

ቀብሩ ላይ ኃላፊያችንም መጣች፣ ጥበቃዎቹም መጡ። የማላውቃቸው ተማሪዎች መጥተው «የአቶ አቤቱታ ቤተሰብ ማነው?» እያሉ ሲጠይቁ አንጀቴን በሉት። መጋረጃሽ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጥቅሉን ስከፍተው የእጅሽን ስፌት አየሁና ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ደብዳቤሽ መልስ ይፈልግ ነበር፤ እኔ ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው አስመስዬ ልጽፍ ስቀመጥ «እሱ» የሚለው ከእጄ አልወጣ አለኝ። በእጄ የቀበርኩትን ሰው እንዴት እሱ ልበል? ሳላውቀው አንቱ አልኩት። የምደብቅ መስሎኝ ነበር፤ አንቺ ግን የእሱ ልጅ ነሽ፣ ምንም አያልፍሽም።

እርጉሚኝ፤ ይገባኛል። ግን አደራሽን፣ ወረቀትሽ ሳይወጣ አትነሺ። የእሱ የመጨረሻ አቤቱታ ይኸው ነው።

አጎትሽ


ግንቦት 18 ቀን

አጎቴ፣

ብዙ ቀን መጻፍ አልቻልኩም። አልቅሼ አልወጣልኝም። እዚህ አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው የለም፤ አባባን የሚያውቅ ሰው የለም። መኪናዬ ላይ ተቀምጬ እየሰፋሁ ነው ያለቀስኩት። ከፊቴ ያለችው ሴት ዞር ብላ አይታኝ ወንበሯን ጎትታ መጣችና፣ የሚያግባባን ቋንቋ እንኳ ሳይኖረን፣ ክሩን ከእጄ ተቀብላ የእኔን ሰፋችልኝ።

ተቀይሜዎታለሁ። ይህን ሳልነግርዎ ማለፍ አልችልም። እኔ በየካቲት ስስቅ ነበር። በየካቲት ለሰኔ ጫማ ገዝቼለታለሁ፤ ደረጃ እንዳያዳልጠው ብዬ፣ ደረጃው መቅረቱንም ረስቼ። ያን ሁሉ ጊዜ አባቴ አልነበረም። ማን ነበር ታዲያ ጫማውን ሊያደርግልኝ የነበረው? ለእኔ ብላችሁ ነው፤ ይገባኛል። ግን አባት ማጣቴ ሳያንስ ሐዘኑንም ከሰው ጋር ሳላለቅሰው አስቀራችሁብኝ።

ወረቀቱ ወጣ። ማክሰኞ ጠርተው ሰጡኝ። የሰጠችኝ ሴት ፈገግ ብላ «እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ። «አመሰግናለሁ» ብዬ ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። በማግሥቱ እነሳለሁ ብዬ አልነበር? ወዴት ነው የምነሳው ብዬ ራሴን ጠየቅኩ።

እመጣለሁ። በሰኔ መጨረሻ እመጣለሁ፤ እሱ የመረጠው ቦታ ላይ መቀመጥ እፈልጋለሁ። እስከዚያ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ቅያሜዬን የሚያወጣልኝ እሱ ብቻ ነው። በውስጤ ያለው አባባ እርስዎ የሚሰድቡት ነው፤ ደግ፣ አስተዋይ የሚባለውን ሰውዬ አላውቀውም። አጎቴ፣ አንቱ አይበሉብኝ። አንቱ ሲሉት ነው የሚሞትብኝ።

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 2 ቀን

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። መንገድሽን ያቅናልሽ፤ በእግርሽ እንደወጣሽ በእግርሽ ያግባሽ። ቂምሽንም ይዘሽው ነይ፤ ቤት ውስጥ ተቀምጠን እንካፈለዋለን።

አሁን ስሚኝ። ይሄ ነገረኛ፣ ይሄ ግትር፣ ይሄ ጭቅጭቃም አባትሽ ዛሬ ምን እንዳደረገኝ ልንገርሽ። መጋረጃሽ ልክክ ብሏል ብዬሽ ነበር። ውሸት ነው። ከታች አንድ ስንዝር ያህል ያጥራል! እኔ በሜትር ለክቼ አልነበር? ጽፌ አልነበር? ሰርዞ በዚያ በተረገመ ጃንጥላ ለወጠው፤ አንቺም የእሱ ቢጤ ነሽና በትከሻሽ ቆረጥሽው። እሱ የመረጠው ቦታ ላይ አሁን አንድ ተማሪ ይቀመጣል፤ ተማሪውን ፀሐይ አይነካውም፤ ጥላ ውስጥ ሆኖ መጽሐፉ ላይ ይተኛል። ያቺ ስንዝር ግን በቀጥታ የምታርፈው የውሰት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ልክ እኔ ፊት ላይ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይቺው ፀሐይ መጥታ ዓይኔን ታወጣዋለች። ወንበር ብቀይር ትከተለኛለች። ሄዶም አላረፈ፣ እኔንም አላሳረፈኝ፣ ሰውዬው!

ተማሪዎቹ መጽሐፍ ሊመልሱ ሲመጡ «ምነው፣ ዓይንዎ እንባ አቅርሯል» ይሉኛል። «ፀሐይ ነው» እላቸዋለሁ።

የጎደለውን ጨርቅ ይዘሽልኝ ነይ ልልሽ ነበር። ተይው።

አጎትሽ